ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲያነብ አትመኑት

ጅማ ውስጥ ያስተማረ ሰው ዝናብና ቆርቆሮ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ፊት ወንበር የተቀመጠ ልጅ እንኳ የመምህሩን ድምፅ አይሰማም።

ከዓመታት በፊት ሁለተኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር እንዲህ ያለ ዝናብ ወረደ። ልጆቹ ከእኔ ጋር ምንባብ እያነበቡ ነበር። ድምፃቸው ያምር ነበር፤ ኮራ ብያለሁ። ዝናቡ ድምፃችንን ሲውጠው ጠመኔ አነሳሁና ሰሌዳው ላይ «አዌቱ ሞላ» ብዬ ጻፍኩ። የክፍሉ መስኮት ወደ ወንዙ ያያል። 15 የሚሆኑ ልጆች ወዲያው ወደ መስኮቱ ዞሩ። የቀሩት መጀመሪያ ያዩት የዞሩትን ልጆች ነው። ከዚያ እነሱም ዞሩ። ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ ነበር።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለወራት የሰማሁት የ15 ልጆች ንባብ ነበር። ሌላው አጃቢ ነው።

ይህን ያነሳሁት ዘንድሮ ለፕራክቲከም፣ ማለትም ለማስተማር ልምምድ፣ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጡ የመምህራን ኮሌጅ ሰልጣኞችን አይቼ ነው። ጎበዞች ናቸው። ዕቅዳቸውን በሰዓቱ ያዘጋጃሉ፤ ልጆቹንም ይወዷቸዋል። ግን ንባብ ሲደርስ ሁሉም «ከእኔ በኋላ በሉ!» ይላሉ። ክፍሉ ይጮኻል። ከኋላ የተቀመጠው ገምጋሚም የተማሪ ተሳትፎ ላይ ጥሩ ነጥብ ይሰጣል። እኛም የተማርነው እንደዚያው ነው፤ ጥፋቱ የሰልጣኞቹ አይደለም።

አብሮ ማለት ለመዝሙር፣ ለቁጥር፣ ለአዲስ ድምፅ ይጠቅማል። ለንባብ ግን ልጁን ይደብቀዋል። አንዲት ተማሪዬ ፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ሳታቋርጥ ትወጣው ነበር። አንድ ቀን «ሜ»ን ለብቻዋ ጽፌ አሳየኋት። ጣቶቿን አውጥታ «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ...» እያለች መቁጠር ጀመረች። «ሰ»ን ከመሃል ስጠይቃት ደግሞ ከ«ሀ» ተነሳች። ገበታውን በእጄ ስሸፍነው ፊቴን አየችኝ። ፊደሉን የምታውቀው በዜማ ነበር። ኦሮምኛ በሚጻፍበት በቁቤም ያው ነው። ድምፁ ሲረዝም አናባቢው ይደገማል። አብሮ የሚጮኽ ልጅ ያችን የተደገመች ፊደል አያያትም፤ ብቻውን ሲጽፍ ይጥላታል።

ነገሩ የእኔ ክፍል ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደነገጠ። እኔ የደነገጥኩት ያን የዝናብ ቀን ስለሆነ ብዙም አልገረመኝም። የማያነብ ልጅ በሳይንስም በሒሳብም የሚሰማው የሌሎችን ጩኸት ነው።

ስለዚህ ለሰልጣኞች የምለው አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ስሙት። አንዷ ሰልጣኝ «መምህር፣ 60 ልጅ እንዴት ተደርጎ?» አለችኝ። አብረን ቆጠርን። በቀን 5 ልጅ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። ሌሎቹ ሲጽፉ አንዱን ወደ ጠረጴዛችሁ ትጠራላችሁ። በ12 የትምህርት ቀን ሁሉም ይደረሳሉ። አንድ ደብተር ይበቃል፤ ያነበበ፣ የተንተባተበ፣ ያልጀመረ። ከመጽሐፉ ብቻ አታስነብቧቸው፤ በቃሉ የያዘውን ይወጣባችኋል። ካርቶን ቁረጡና አዲስ ነገር ጻፉበት፤ «ሄርማታ ገበያ ነው»፣ «ቡናው ደረቀ»። አደራ፣ ክፍሉ ፊት አቁማችሁ አታስነብቡት። እዚያ የተሳቀበት ልጅ ዳግም አፉን አይከፍትም።

አርጩሜም ተዉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። ሕጉ ባይኖርም የተደበደበ ልጅ የሚማረው መደበቅ ነው።

ቤት የሚነገረውን ቋንቋም ጠይቁ። ጅማ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ዳውርኛ፣ የምኛ፣ ካፍኛ የሚናገሩ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ደካማ አይደለም፤ ቃሉን እየፈለገ ይሆናል። ገጠር የምትመደቡ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀም ወንበር ባዶ ይሆንባችኋል። ልጁ ሲመለስ «የት ነበርክ?» ከማለታችሁ በፊት የት ላይ እንዳቆመ ደብተራችሁን እዩ።

ደመወዙ አይበቃም፤ ይህን አልደብቃችሁም። የመምህራን ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

ለርዕሳነ መምህራንም አንድ ልመና አለኝ። አንደኛ ክፍል መመደብን እንደ ቅጣት ማየት ይቁም። አዲስ የመጣውን፣ ወይም የተጣላችሁትን መምህር እዚያ አትወርውሩት። ምርጥ መምህራችሁን ስጡት። ስምንተኛ ክፍል ላይ የምትፈልጉት ውጤት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ያቺ ሰልጣኝ ሞከረችው። በሦስተኛው ቀን ደብተሯን ይዛ መጣች። 15 ልጆች ሰምታለች፤ ስድስቱ ገና አልጀመሩም። አዝናለች ብዬ ሳስብ አንድ ስም በጣቷ አሳየችኝ። ኋላ ጥግ የሚቀመጥ፣ አብሮ ሲባል እንኳ ከንፈሩን የማያንቀሳቅስ ልጅ ነው። «ይሄ ልጅ» አለችኝ፣ «ቀላል ያነባል እንዴ!»