«ያልታወቀ አርቲስት» አለኝ እኮ!

ዛሬ ይሄን የሙዚቃ አፕ ሳላማ አላድርም። ትናንት እናቴ ፊት አዋርዶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ 43 ካሴት አለው። ደሴ ፒያሳ የተገዛ አለ፣ ሰርግ ላይ የተቀረጸ አለ፣ ቴፑን ሬዲዮው አፍ ላይ ደቅኖ የቀዳውም አለ። ባለ 45 ዙር ሸክላም ነበረን፤ እሱን ተዉት፣ መርፌው ከጠፋ ቆየ። ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ደግሞ አቋራጭ የለውም። የ60 ደቂቃው 60 ደቂቃ ይፈጃል። 43 ሰዓት! መብራት የሄደበትን፣ ቴፑ ክር በልቶብኝ በእስክሪብቶ ሳጠነጥን ያመሸሁትን ሳልቆጥር።

ከዚያ በየወሩ የሚከፈልበት አፕ ላይ ጫንኩት። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ የምትከፍልልኝ ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት፤ እግዜር ይስጣት። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ የቤቱም የአፑም ዘፈን ተሰልፎ አንድ ላይ ይጫወትልኝ።

የት አባቱ! የኔን ፋይሎች እንደ እንጀራ ልጅ ጓዳ ወሸቃቸው። ማሪቱ ለገሰን ስፈልግ «ትራክ 07፣ ያልታወቀ አርቲስት» ይለኛል። ማሪቱ? ወሎ ውስጥ? ያልታወቀች? እሺ፣ ስሙን ሳልሞላ የጫንኩት እኔ ነኝ፤ አምናለሁ። ግን ብሞላውስ? «አምባሰል» ስለው አንዱን፣ «አንባሰል» ስለው ሌላውን ያመጣል። «ሐ» እና «ሀ» ለሱ ተዋውቀው አያውቁም። የራሱን ዘፋኞች ደግሞ በላቲን ፊደል፣ አንዱን ሰው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ አስቀምጧቸዋል። አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ! ከ4ቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የኛው አገር ስም ናቸው፤ እሱ ግን ሁሉንም «የዓለም ሙዚቃ» ብሎ አንድ ጆንያ ውስጥ ከቷቸዋል።

አንዱን ዘፈን ደግሞ «ይሄማ እኔም ጋ አለ» ብሎ በራሱ ቅጂ ተካልኝ። ኪቦርድ በገባበት! የኔ ቅጂ ላይ ክራሩ ሳይጀምር አባቴ «ዝም በሉ፣ እየቀዳሁ ነው!» ሲል ይሰማል። ቀጥሎ የሆነ ልጅ ይስቃል። እኔ ሳልሆን አልቀርም። የፈለግኩት እኮ እሱን ነው!

ወደ ትናንቱ ልመለስ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። ለእናቴ የምትወደውን መንዙማ ከካሴቱ ቅጂ ከፈትኩላት። ድቤው ሲመታ ዓይኗን ጨፈነች። አለቀና እጇን ዘርግታ ዱዓ ጀመረች። «አሚን፣ አሚን» እንባባላለን። ለካ አፑ ዝም ማለት አያውቅም! ማንም ሳይጠይቀው «ይሄንንም ሊወዱት ይችላሉ» ብሎ የጭፈራ ቤት ዘፈን ለቀቀብን። ያውም በብሉቱዝ፣ በትልቁ ስፒከር። ስልኩ ደግሞ ያለው ቻርጅ ላይ፣ ከጎረቤቶቹ ጀርባ። የስንቱን እግር ረግጬ እንደደረስኩ አላህ ይወቀው።

እናቴ እጇን ሳታጥፍ ቀና ብላ አየችኝና «አብሽር ልጄ፣ ቴፑን አምጣው» አለችኝ።

እስኪ የቤቱንና የአፑን ዘፈን ሳያጣላ የሚያጫውት አፕ የምታውቁ ንገሩኝ። «ፍላሽ ላይ ገልብጠህ ስማ» ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ ግን ተዉ፤ ፍላሹን ባለፈው ወር ባጃጅ ውስጥ ጥዬዋለሁ።