የቪአር መነጽር በመጨረሻ ይገዛ

ድሬዳዋ ውስጥ በኮምፒውተር አውሮፕላን ማብረር የሚወዱ ወጣቶች በተገናኙ ቁጥር ስለ ቪአር መነጽር፣ ማለትም ዓይን ላይ ታስሮ ራስ በዞረበት ሁሉ የአብራሪውን ክፍል (ኮክፒት) ስለሚያሳየው ስክሪን፣ አንድ ክርክር አይጠፋም። ግማሹ «ቪአር መነጽር ካላደረግህ ገና አልበረርክም» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ራስ ከማዞር በቀር ምን ያደርጋል?» ብሎ ያጣጥለዋል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከሁለቱም ይለያል። መነጽሩ አንድ ትምህርት፣ ማለትም ማኮብኮቢያውን በዓይን እየተከታተሉ ዞሮ ማረፍን፣ ከማንኛውም ስክሪን በተሻለ ያስተምራል። በቀረው ነገር ግን ወይ ከስክሪን እኩል ነው፣ ወይ ያንሳል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ፣ ጆይስቲኩና የመብራቱ ጉዳይ ካለቁ በኋላ የሚገዛ ዕቃ ነው።

ከሚጠቅምበት እንጀምር። የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 3,827 ጫማ ላይ ይገኛል፤ ማኮብኮቢያው 15/33 ነው፤ ቁጥሮቹ የሁለቱ ጫፎች የኮምፓስ አቅጣጫ፣ 150 እና 330 ዲግሪ ገደማ፣ ናቸው። ከ15 የተነሳ አውሮፕላን አፍንጫው ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ከተማው ይሆናል። ከፊትና ከቀኝ በኩል ወደ ደንገጎ የሚወጣው ተራራ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። በሲሙሌተር (በኮምፒውተር የማብረሪያ ፕሮግራም) በትንሿ የመማሪያ አውሮፕላን በሴስና 172 ተነስቶ ወደ ግራ መዞር ከተራራው ያርቃል። ከመሬት 1,000 ጫማ ከፍ ብሎ፣ በከፍታ መለኪያው 4,800 አካባቢ ይዞ፣ ከማኮብኮቢያው ጎን ለጎን በተቃራኒው አቅጣጫ መብረር ነው፤ አብራሪዎች ዳውንዊንድ የሚሉት ይህንን ነው። የማኮብኮቢያው ጫፍ ከግራ ትከሻ ኋላ 45 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ወደ ቤዝ፣ ማለትም ወደ ማኮብኮቢያው መስመር በጎን ወደሚወስደው አጭር በረራ፣ ይታጠፋል።

ችግሩ ያለው «ከትከሻ ኋላ» የሚለው ላይ ነው። በስክሪን የሚለማመድ ሰው ትከሻ የለውም። የጆይስቲኩን ቁልፍ ተጭኖ እይታውን ወደ ግራ ያዞራል፤ ወደ ፊት ሲመልሰው ክንፉ አዘንብሎ፣ ከፍታውም 200 ጫማ ሸሽቶ ይጠብቀዋል። መነጽር ያደረገ ሰው ግን ዞር ብሎ አይቶ ይመለሳል፤ እጁም አይንቀሳቀስም። መነጽሩ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። በተለምዶ «ጥልቀት ስለሚያሳይ ማረፍ ይቀላል» ይባላል፤ ይህ ግማሽ እውነት ነው። የሁለቱ ዓይኖቻችን ርቀት 6 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ስለሆነ፣ ከጥቂት አሥር ሜትሮች በኋላ ጥልቀትን የመለየት አቅማቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚረዳው ሁሉም ነገር በእውነተኛ መጠኑ መታየቱና ራስ በነፃነት መዞሩ ነው። ጎማው መሬት ሊነካ ሲል ደግሞ አብራሪ የሚጠቀመው በዓይኑ ጠርዝ የሚያየውን ነው። ሜታ ኩዌስት 3 የተባለው መነጽር የሚያሳየው ወደ ጎን 110 ዲግሪ ያህል ብቻ ሲሆን የሰው ዓይን 200 አካባቢ ያያል። ስለዚህ የመጨረሻዋን ቅጽበት በመነጽር አሳምሮ የተማረ ሰው እውነተኛው ኮክፒት ውስጥ ሲገባ የተማረውን ማስተካከሉ አይቀርም።

ለድሬዳዋ ልጅ አንድ ልምምድ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሙቀቱን በእጅ ማስገባት። የሲሙሌተሩ አየር ሁኔታ ላይ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞላ። በዚህ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 7 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ የሚሰማው አየር 7,000 ጫማ ላይ እንዳለ አየር የሳሳ ይሆናል። ሞተሩ ይደክማል፣ መንደርደሪያው ይረዝማል። ሴስናው ከመነሳቱ በፊት ሙሉ ጉልበት ተሰጥቶት ቆሞ፣ የሞተሩ ዙር ከፍተኛው ላይ እስኪደርስ ድረስ የነዳጁ ድብልቅ መቅጠን አለበት፤ ድብልቁን የሚቆጣጠረውን ቀዩን ማንሻ እንደ ገፉ መነሳት ጉልበት ይሰርቃል። ሲያርፉ ደግሞ የፍጥነት መለኪያው 65 ኖት ቢልም አውሮፕላኑ አየሩን የሚቀዝፈው በ72 ኖት ገደማ ነው። በስክሪን ይህ አይታወቅም። በመነጽር ግን መሬቱ ሲሮጥ ይታያል፤ ተማሪውም «ፈጠንኩ» ብሎ አፍንጫውን ያነሳል፣ መለኪያው 55 ይሆናል፣ ከዚያ መውደቅ ነው። ዓይንን ሳይሆን መለኪያን ማመን እንዲህ ባለ ቦታ ይለመዳል።

አሁን ወደማይጠቅምበት እንሂድ። ጤነኛ ዓይን በአንድ ዲግሪ 60 ያህል ነጥብ መለየት ሲችል ኩዌስት 3 የሚሰጠው 25 ነው፤ ኩዌስት 2 እና 3ኤስ 20 አካባቢ። ክብ መለኪያዎች ያሉት የድሮ ሴስና በዚህ ይነበባል፤ መርፌን ማየት ቁጥርን ማንበብ አይደለምና። ዲጂታል ስክሪን ያለው ኮክፒት ግን ትንንሽ ቁጥሮቹ ይደበዝዛሉ። ተማሪው ወደ ፊት እያዘነበለ ማንበብ ይለምዳል፤ ይህ እውነተኛ አውሮፕላን ውስጥ ይዞት የሚገባ መጥፎ ልማድ ነው። በመሣሪያ ብቻ መብረርን መለማመድ፣ የበረራ ኮምፒውተር መሙላት፣ ካርታ ማንበብና ማስታወሻ መጻፍ በስክሪን ይሻላል። እጅስ? ኪቦርዱ አይታይም። ስለዚህ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚወርደው)፣ ጎማ፣ ትሪም (የአፍንጫውን ከፍታ የሚያስተካክለው) እና ፍሬን ሁሉም ጆይስቲኩ ላይ መሰደር አለባቸው። እይታውን ወደ መካከል የሚመልሰውም ትእዛዝ ቢሆን፣ በማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር ቪአርን የሚከፍተውና የሚዘጋው ኮንትሮልና ታብም ቢሆን ወደ ጆይስቲክ ቁልፍ ቢዛወሩ ይመረጣል። ተመሳሳይ ቁልፎች ላይ ትንሽ ፕላስተር መለጠፍ ጣት በዳሰሳ እንዲለያቸው ያደርጋል። ዕድሜ ለፕላስተር።

የኮምፒውተሩን ነገር ሰው አቅልሎ ያየዋል። ኩዌስት 3 ለእያንዳንዱ ዓይን 2064 በ2208 ነጥብ አለው። ሁለቱ ሲደመሩ 9.1 ሚሊዮን ይሆናል። ተራው 1080 ስክሪን 2.07 ሚሊዮን ነው። ማለትም ስክሪን ላይ ተንፈስ ብሎ የሚሠራ ግራፊክስ ካርድ ከአራት እጥፍ በላይ ሸክም ይጫንበታል። መነጽሩ በሴኮንድ 72 ጊዜ ሲያድስ ለእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል፣ ያለው ጊዜ 13.9 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው። ይህን የሚችል ማሽን ጥቂት ስለሆነ የሚያዋጣው መንገድ ሲሙሌተሩን በሴኮንድ 36 ፍሬም ላይ ማሰርና መካከሉን የመነጽሩ ሶፍትዌር እንዲሞላው መተው ነው። ፕሮፔለሩና የክንፉ ጠርዝ እንደ ጄሊ ይንቀጠቀጣሉ፤ ቢሆንም አንዴ 50 አንዴ 28 ከሚል ፍሬም ቀጥ ብሎ የቆመ 36 ለጨጓራ ይሻላል።

ፍሬም ሲያንስ ሁሉንም ነገር በአንዴ ዝቅ ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው። መጀመሪያ የምስሉን ጥራት ከ100 ወደ 70 በመቶ ብቻ ዝቅ አድርጎ ማየት። ፍሬሙ ከጨመረ ወገቡ የተያዘው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ቀጥሎ ደመናና ጥላ ይቀነሱ። ምንም ካልተለወጠ ግን ችግሩ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ያኔ የሕንፃና የዛፍ ብዛት እንዲሁም የሌሎች አውሮፕላኖች ትራፊክ ይቀነስ። ለአሥር ደቂቃ ሸጋ ሆኖ በድንገት መንተፋተፍ ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ የካርዱ ማስታወሻ ሞልቶ ነው። 8 ጊጋ ያለው ካርድ ላይ ይህ የተለመደ ስለሆነ ቴክስቸሩን (የነገሮችን ገጽ የሚያሳዩ ምስሎችን ጥራት) አንድ ደረጃ ማውረድ ይፈታዋል። ያገለገለ ካርድ ለሚፈልግ ሰው 12 ጊጋው አርቲኤክስ 3060 ከአንዳንድ ፈጣን ግን ባለ 8 ጊጋ ካርዶች ለዚህ ሥራ የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሲሙሌተሮቹ የቱ? እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የወጣው የማይክሮሶፍቱ ፍላይት ሲሙሌተር 2024 አብዛኛውን ይዘቱን ከኢንተርኔት እየሳበ ነው የሚሠራው። አምራቹ ራሱ የሚጠይቀው ቢያንስ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት፣ የሚመክረው ደግሞ 50 ነው። በሞባይል ዳታ ይህን መሞከር ካርድ እየሞሉ ማቃጠል ነው። ኤክስ-ፕሌን 12 ግን የሚፈለገው የምድር ክፍል አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይበራል፤ ሲጫን ከካርታው ላይ የአፍሪካን ክፍል ብቻ መምረጥም ይቻላል። በመሬት ገጽታ ውበት የማይክሮሶፍቱ ይበልጣል፤ ለድሬዳዋ የሚመረጠው ግን ኤክስ-ፕሌን ነው። መነጽሩን ያለ ገመድ ለማገናኘት የሚፈለገው ዋይፋይ ከኢንተርኔት ፍጥነት ጋር አይገናኝም፤ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ጋር በገመድ ተያይዞ፣ መነጽሩ በዚያው ክፍል በ5 ጊጋኸርትዝ ከተያያዘ ይበቃል። በዩኤስቢ ገመድ የሚጠቀም ሰው የቻርጁ መጠን በዝግታ ሲወርድ ቢያይ ገመዱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ብዙ የኮምፒውተር ሶኬቶች የሚሰጡት ኃይል መነጽሩ ከሚበላው ያነሰ ስለሆነ ነው።

ሐረር ላይ ያለ ሰው ብርዱ ስለሚያግዘው ቀጣዩን ሊያልፈው ይችላል። ድሬ ላይ ግን ሙቀቱ የዕቃውን ዕድሜ ይወስናል። ከተማው ሁሉ ከምሳ በኋላ ጋደም በሚልበት ሰዓት መነጽር አድርጎ መቀመጥ ሌንሱን በላብ ከማጨለም ሌላ ትርፍ የለውም፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ቬንቲሌተር ፊት ለፊት ቢቀመጥ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ያቀዘቅዛል፣ ንፋሱ ከአንድ አቅጣጫ ስለሚመጣም ሰውነት ወዴት እንደዞረ ያስታውሳል። ከሁሉ የከፋው ፀሐይ ነው። መስኮት ሥር የተቀመጠ መነጽር ሌንሱ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ የውስጡን ስክሪን በአጭር ጊዜ ያቃጥለዋል፤ የማይጠፋ ነጠብጣብ ይቀራል። ከለበሱት ሰዓት ውጭ ቦታው ሣጥኑ ውስጥ ነው።

መብራቱንም ዘለን አናልፍም። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ኮምፒውተር 400 ዋት ሊስብ ይችላል። ገበያ ላይ የሚገኘው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ግን 650 ዋት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ 360 እና 390 ዋት መካከል ነው። ስለዚህ መብራት በጠፋባት ቅጽበት ዩፒኤሱም ጮኾ አብሮ ይጠፋል። ከ1000 ቪኤ በላይ፣ ከተቻለም ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚሰጥ መሆን አለበት፤ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች አንዳንዴ የርካሹን ሞገድ አይቀበሉትም። የዩፒኤሱ ሥራ በረራውን ማስቀጠል አይደለም፤ ሲሙሌተሩን ዘግቶ ማሽኑን በሰላም ለማጥፋት አምስት ደቂቃ ማግኘት ነው።

ራስ ማዞሩ የስንፍና ምልክት አይደለም። ዓይን «እየዞርን ነው» ሲል ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል «ተቀምጠናል» ይላል፤ አለመግባባቱ በማቅለሽለሽ ይገለጣል። የመጀመሪያው ሳምንት በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ቀጥ ያለ በረራ፣ ሁልጊዜ ከኮክፒት ውስጥ ብቻ። ከውጭ ሆኖ አውሮፕላኑን የሚያሳየው እይታ አይነካ። መሬት ላይ መንዳት ከመብረር የባሰ ያዞራል፤ ስለዚህ ከማኮብኮቢያው ጫፍ መጀመር ነው። ግንባር ሞቅ ሲል ማውለቅ፤ «ትንሽ ልታገሥ» ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ይከፍላል። በዓይኖቹ መካከል ያለው ርቀትም ይስተካከል። ኩዌስት 3 በመዘውር ያለ ደረጃ ሲያስተካክል 3ኤስ ያለው ሦስት ቦታ ብቻ ነው፣ 58፣ 63 እና 68 ሚሊ ሜትር።

ታይዋን ገበያም ሆነ ከጅቡቲ በሚመጣ ሰው በኩል ያገለገለ የሚገዛ ሁሉ አንድ ስም ያስታውስ፤ ኤችፒ ሪቨርብ ጂ2። ለእያንዳንዱ ዓይን 2160 በ2160 ነጥብ ያለው ምርጥ መነጽር ነበር፣ በዋጋም ያጓጓል። ይሁንና ማይክሮሶፍት መነጽሩ የሚሠራበትን ዊንዶውስ ሚክስድ ሪያሊቲ የተባለ ሶፍትዌር ከዊንዶውስ 11 24ኤች2 እትም ጀምሮ ከዊንዶውስ አስወግዶታል። ኩዌስት ሲገዛ ደግሞ ሻጩ ፊት ለፊት ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሰው፣ ዋይፋይ ላይ ገብቶ አዲስ አካውንት ይከፈትበት፣ ነጭ ስክሪን ተከፍቶ የፀሐይ ጠባሳ ይፈተሽ።

ይህ ሁሉ ከበዛ መነጽር የሚመስል ጥቅም በነፃ ይገኛል። ኦፕንትራክ የሚባለው ፕሮግራም ተራ ዌብካም ተጠቅሞ የራስን እንቅስቃሴ ይከታተላል፤ ራስ 20 ዲግሪ ሲዞር እይታው 90 እንዲዞር ማድረግ ይቻላል። ቤዝ ላይ ማኮብኮቢያውን ለማየት ይበቃል፤ መለኪያዎቹም ጥርት ብለው ይነበባሉ። አብራሪ መሆን ለሚያስብ ልጅ የመጀመሪያው ብር መሄድ ያለበት ጥሩ ጆይስቲክና የእግር መቅዘፊያ ላይ ነው። ቤት የተበረረ ሰዓት በመነጽርም ሆነ ያለ መነጽር በበረራ መዝገብ ላይ አይቆጠርም፤ የሚቀረው የእጅና የእግር ልማድ ነው።

አንድ መነጽር ለአሥር ሰው ቢደርስ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ፕሌይስቴሽን የሚያከራዩ ቤቶች ወይም የትምህርት ቤት ክበባት አንድ ጥሩ ማሽን፣ አንድ መነጽርና የሴስና ሰርኪት (ተነስቶ ዞሮ ማረፍ) ብቻ ይዘው መጀመር ይችላሉ። የስፖንጅ ሽፋኑ በሲሊኮን ይለወጥ፤ በየሰው መካከል ይጠረግ፣ የዓይን ሕመም በዚህ ይተላለፋልና። ሌንሱን በአልኮል የነካ ሽፋኑን ይልጠዋል፤ ደረቅ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይበቃዋል። ኪራዩም በግማሽ ሰዓት ይሁን፤ ለጀማሪ ሁለት ሰዓት የሚሸጥ ቤት ከመነጽሩ አጠገብ ባልዲ ያዘጋጅ።