ማስተካከያ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ የራሷ ምክር ቤት የላትም

ባለፈው ሳምንት አንድ እጩ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የሜትሮ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ፎቅ ቤቶች እንዲበዙ እንደሚፈልጉ ጽፌ ነበር። «ለሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ምክር ቤት ነው የሚወዳደሩት፤ ግሪን ካርድ ያለውም ይመርጣል» ብያለሁ። ሁለቱም ስህተት ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ በሞንጎመሪ ካውንቲ (ወረዳ) ሥር ያለች እንጂ የራሷ የከተማ አስተዳደር ያላት ስላልሆነች፣ ከንቲባም ምክር ቤትም የላትም። የት ምን ይገንባ የሚለውን የሚወስነው 11 አባላት ያሉት የሞንጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ነው። እጩውም የሚወዳደሩት ለዚያ ነው። እዚያ የሚመርጠው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማ ምርጫ ከሚሳተፉባቸው ቦታዎች አንዷ ጎረቤታችን ታኮማ ፓርክ ናት።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመራጮች ምዝገባ ፎርም ላይ «ዜጋ ነኝ» የምትለው ሳጥን ውስጥ የገባች አንዲት ምልክት የዜግነት ማመልከቻን ልታበላሽ ትችላለች። ጽሑፌን አምናችሁ የሞላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።