እንኳን አልጠየቅሃት!

ፌብሩዋሪ 14፣ የፍቅረኞች ቀን፣ በመጣ ቁጥር የሚታማ ሕዝብ አለ። ከሥራ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ቀይ በቀይ የሆነ የሱቅ መስኮት አይቶ "ውይ፣ ዛሬ ነው ለካ!" የሚለው ሕዝብ። በየዓመቱ ግድየለሽ ይባላል፣ ይወቀሳል። እኔ ግን ዘንድሮ ላመሰግነው ተነስቻለሁ። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ባለፈው ዓመት አንዱን ወዳጄን ተከትዬ ገብቼ በዓይኔ አይቻለሁ። ሱቁ ውስጥ የቆየው አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። አንድ ጥያቄ አልጠየቀም፣ አንድ ዕቃ አላገላበጠም። በሩ ሥር የተከመሩትን ቀይ የአሻንጉሊት ድቦች አየና ከላይ ያለውን አነሳ። ድቡ ሆዱ ላይ ልብ ተሰፍቶለታል። ልቡ ላይ በፈረንጅ አፍ "እወድሻለሁ" ተብሎ ተጽፏል። ምን ቀረ ታዲያ? መናገሩንም ድቡ ተረከበው! አንገቱ ላይ ደግሞ "ለ" እና "ከ" የምትል ትንሽ ካርድ ተንጠልጥላለች። ወዳጄ ደጅ ቆሞ ካርዷ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። ግማሹ ተነሳ፣ ግማሹ ሙጭጭ አለ። "ተወው፣ አታየውም" አለኝ። ስሟን ለመጻፍ እስክሪብቶ ስላልያዘ ያንንም ተወው። ለዚያ ስጦታ የፈሰሰው ላብ በሙሉ ይኸው ነው፤ የአንድ ጥፍር ላብ።

ተቺዎች ምን ይላሉ? ስጦታ የምትሰጣትን ሰው ማወቅ ይፈልጋል ይላሉ። ዓመቱን ሙሉ ጆሮ ሰጥቶ መስማት፣ ያለችውን ማስታወስ። እንዴ! ሰው ሥራ የለውም? እሷን ሲሰማ ስልኩን ማን ሊያይለት ነው?

በዚያ ላይ የበዓሉ ታሪክ ራሱ ከወዳጄ ጎን ነው። ቀኑ የተሰየመለት ቅዱስ ቫለንታይን ማን እንደነበረ በቅጡ የሚናገር የለም። በዚያ ስም የሚጠሩት ሰማዕታት ከአንድ በላይ ናቸው፣ ታሪካቸውም ተደባልቋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1969 መታሰቢያውን ከአጠቃላይ የበዓላት መቁጠሪያዋ ያወጣችው፣ ስለ እሱ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ነገር ጥቂት ስለሆነ ነው። እንግዲህ በማናውቀው ሰው ስም ለማናውቃት ሰው ስጦታ ብንሰጥ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? ወግ መጠበቅ ይሏል ይሄ ነው።

ጆኤል ዋልድፎጌል የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ጥናት፣ የገና ስጦታ የተቀበሉ ተማሪዎችን ስጦታው በእነሱ ዓይን ስንት እንደሚያወጣ ጠይቆ ነበር። ዋጋው ከ10 በመቶ እስከ ሲሶ ያህል ቀልጦ ተገኘ። ይበልጥ የቀለጠው ራቅ ካለ ዘመድ የመጣው ነው፤ ከአጎት፣ ከአክስት፣ ከአያት። ከጓደኛና ከፍቅረኛ የመጣው ብዙም አልቀለጠም። ቅርብ ያለ ሰው የምትወደውን ያውቃላ! ወዳጄ ግን ይሄን ሕግ ሰበረ። አንድ አልጋ ላይ እየተኛ እንደ ሩቅ አጎት መግዛት ቻለ። ይሄ እንግዲህ ተሰጥዖ ነው፣ በትምህርት አይገኝም።

ጃፓኖች በዚህ ጉዳይ ወደ ኋላ ቀርተዋል። እዚያ በዕለቱ ቸኮሌት የሚሰጡት በአብዛኛው ሴቶቹ ናቸው። ለአለቃና ለሥራ ባልደረባ ለይሉኝታ የሚሰጠው "ጊሪ ቾኮ" ይባላል፣ የግዴታ ቸኮሌት እንደማለት። ከልብ ለሚወዱት የሚሰጠው ሌላ ስም አለው፣ "ሆንሜይ ቾኮ"። ለምን ሁለት ስም ያበዛሉ? የኛ ሰው የግዴታውን ለሚወዳት ሰጥቶ ተገላግሏል።

ሌሎችም ጀግኖች አሉ፣ ሳላነሳቸው ባልፍ ቅር ይላቸዋል። እሱ የሚወደውን ሽቶ ለሷ የሚገዛ አለ። ካውያ ገዝቶላት በዚያው ሸሚዙን የሚያቀብላት አለ። የዛሬ ስድስት ዓመት ትለብሰው በነበረው ቁጥር ቀሚስ የሚያመጣ አለ (እሱ እንኳ አንድ ጊዜ አይቷታል ማለት ነው)። ሴቶቹም አይታሙም። አምና የሰጠችው ቀበቶ ማሸጊያው ሳይፈታ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ዘንድሮም ቀበቶ የምትደግም አውቃለሁ።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። የዚያን ምሽት ቤት ሲገባ መጀመሪያ ያወጣው ስልኩን ነው። "ድቡን ያዢው። ወደ ፊትሽ ጠጋ አድርጊው። እንደደነገጥሽ ሁኚ!" ሦስቴ ደነገጠች። ሦስተኛው ድንጋጤ ተመረጠና "ንግሥቴ" ከሚል ጽሑፍ ጋር ተለጠፈ። እሷም እዚያው ሶፋ ላይ አጠገቡ እንደተቀመጠች "አመሰግናለሁ ፍቅሬ" ብላ ከሥሩ ጻፈች። እሱም ላይክ አደረገላት። ከዚያ በኋላ ላይክ ሲቆጥሩ አመሹ አሉ። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ እንዲህ የሚግባቡ ጥንዶች ስንት ናቸው?

ይሄን ሁሉ ያጫወተችኝ እሷው ናት። ለካስ ከወር በፊት ጀምሮ የቦርሳዋ ዚፕ ተበላሽቶባት ነበር። "ይሄ ዚፕ አንድ ቀን ስልኬን ያስበላኛል" ብላ ለሱ ነግራዋለች። ደግማ ነግራዋለች። ቦርሳውን በመርፌ ቁልፍ ይዛው ስትወጣ ስትገባ ከርማለች፣ እሱም በር ላይ እየጠበቃት "ቶሎ በይ እንጂ" ሲላት ከርሟል። ጎበዝ፣ ዚፕ ተሠርቶ ፎቶ ይነሳል እንዴ?

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ የእህቷ ልጅ ልደት ነበረና ድቡን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መርፌ ቁልፉ አልገጥም ስላላት ድቡ አንገቱን አውጥቶ ነው የሄደው። ካርዷ ላይ የዋጋው ግማሽ አሁንም አለ። "ለ" ከሚለው ጎን ግን ባዶ ስለነበር፣ ታክሲ ውስጥ እስክሪብቶ ለምና የልጅቷን ስም ጻፈችበት።