የ28 ኮር ሰርቨር ደሴ ላይ ለማን ይጠቅማል?

በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ከወልድያ እስከ ኮምቦልቻ ስንቱን ቢሮና ትምህርት ቤት ባዶ አስቀርቶታል። ወሎ ዩኒቨርሲቲና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀሩ ተዘርፈዋል። የኮምፒውተር ዕቃ መተካት በአንድ ጀምበር የሚያልቅ ሥራ ስላልሆነ ግዢ በተነሳ ቁጥር ጥያቄው ይመለሳል፦ በያዝነው ገንዘብ ውጭ አገልግሎ የመጣ ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ሰርቨር (ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያገለግል ትልቅ ኮምፒውተር) እንግዛ ወይስ ላፕቶፖች? ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው በኮር ቁጥር ነው፤ ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ የስሌት ክፍል ነው። አንዱ “28 ኮር” ካለ ባለ 10 ኮሩ ላፕቶፕ መልስ ያጣል። በእኔ እምነት ግን ይህ ቁጥር ብቻውን ገንዘብ ሊያስወጣ አይገባም። ለአብዛኛው የቢሮ ሥራ ፈጣኑ ላፕቶፑ ነው፤ ሰርቨሩ የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው።

በስም እንነጋገር (የፕሮሰሰሮቹ ዓመት በፈረንጆቹ ነው)። ባገለገሉ ሰርቨሮች ውስጥ በብዛት የሚገኘው የኢንቴል ዚዮን ኢ5 ቤተሰብ ነው። ኢ5-2680 ቪ4ን እንውሰድ፦ በ2016 የወጣ፣ 14 ኮርና 28 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) ያለው፣ መነሻ ፍጥነቱ 2.4 ጊጋኸርዝ (በሰኮንድ 2.4 ቢሊዮን ምት)፣ ሲበረታ 3.3 የሚደርስ፣ 120 ዋት የሚበላ። ሁለቱ አንድ ቦርድ ላይ ሲቀመጡ 28 ኮርና 56 ትሬድ ይሆናሉ። በላፕቶፕ በኩል በ2022 የወጣውን ኮር አይ5-1235ዩን እናቅርብ። 10 ኮር አለው ቢባልም ትልልቆቹ ሁለት ናቸው፤ ስምንቱ ኃይል ቆጣቢ ትናንሽ ኮሮች ናቸው። ትልቁ ኮር እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይሮጣል። መደበኛ የኃይል ፍጆታው 15 ዋት ሲሆን ለአጭር ጊዜ እስከ 55 ዋት ይወጣል።

ኮር ለኮር ከተወዳደሩ የላፕቶፑ ትልቁ ኮር የዚዮኑን ኮር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይቀድመዋል። ምክንያቱ ጊጋኸርዙ ብቻ አይደለም። በሁለቱ መካከል ባሉት ስድስት ዓመታት የኮሩ አሠራር ራሱ ተለውጧል፤ በእያንዳንዱ ምት የሚጨርሰው ሥራ ጨምሯል።

ይህ ልዩነት የሚታየው የዕለት ሥራ ላይ ነው። የአውቶካድ ሥዕል ሲከፈትና ሲታደስ ሸክሙ በአመዛኙ በአንድ ኮር ላይ ይወድቃል። ኤክሴል ላይ የተጻፈ ማክሮም እንደዚያው ነው፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ ከፒችትሪ የምታወጣው ሪፖርትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ባለ 56 ትሬዱ ሰርቨር ላይ ከእነዚህ አንዱን አስነስቶ ታስክ ማናጀርን (የዊንዶውስን የሥራ ጫና ማሳያ) መክፈት ነው። ፕሮግራሙ ተንጠልጥሎ እያለ ፕሮሰሰሩ 2 በመቶ ገደማ ብቻ እየሠራ ያሳያል። አንዱ ትሬድ ሙሉ በሙሉ ተይዟል፣ ሌሎቹ 55 ቁጭ ብለዋል። “ማሽኑ ሥራ ፈቷል፣ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው” የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኑም ሶፍትዌሩም ግን የተሠሩበትን እያደረጉ ነው።

የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ስቱዲዮዎች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባቸው። ዚዮን ኢ5 ውስጡ ግራፊክስ የለውም። የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ግን ኤች.264 እና ኤች.265 በሚባሉት የማሸጊያ ዘዴዎች ቪዲዮን የሚፈታና የሚያሽግ ራሱን የቻለ ክፍል አብሮት ይመጣል። ሰርቨሩ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ካልተጨመረለት ይህንን ሁሉ በኮሮቹ ጉልበት መሸከም አለበት፤ ባለ 4ኬ ቀረጻ ሲመጣ ቅድመ ዕይታው መቆራረጥ ይጀምራል።

ታዲያ ሰርቨሩ የት ይጠቅማል? በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው በሚጠይቅበት፣ ሥራውም ለሰዓታት በማያርፍበት። ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ መጋዘኑን፣ ሽያጩንና ደመወዙን በአንድ ዳታቤዝ ቢያዞርና አርባ ሰው አብሮ ቢገባበት፣ ጥያቄዎቹ በብዙ ኮሮች ላይ ይከፋፈላሉ። ስድስት ሰባት ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ለማስነሳት፣ ወይም ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይ ሌሊቱን ሙሉ ምስል ለማውጣትም እንዲሁ። ላፕቶፑ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጠው የመጀመሪያዎቹን ሰኮንዶች በ55 ዋት ይፈተለክና ግማሽ ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ ወደ 15 ወይም 20 ዋት ይወርዳል። ቀጭን ገላ ውስጥ ያለ አንድ ማራገቢያ ከዚህ በላይ ሙቀት ማውጣት አይችልም። ዚዮኑ ግን ከምሽት እስከ ንጋት ፍጥነቱን አይለቅም። የራሙ ነገርም ለብቻው ይቆማል፦ ኢ5-2680 ቪ4 እስከ 1.5 ቴራባይት ይቀበላል፣ ራሙም የተበላሸች ቢት ሲያገኝ ራሱ የሚያርም ነው። ለዓመታት ሳይጠፋ ለሚሠራ ዳታቤዝ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን ሰርቨሩ በትክክል ከተሰካ ነው። ብዙ ያገለገሉ ሰርቨሮች ጉልበታቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቪ4 ፕሮሰሰር አራት የራም ቻናል አለው፤ ዲዲአር4-2400 ሲሰካበት አንዱ ቻናል በሰኮንድ 19.2 ጊጋባይት፣ አራቱ አንድ ላይ 76.8 ጊጋባይት ያመላልሳሉ። ሻጩ ለርካሽነት አንድ ባለ 32 ጊጋባይት ራም ብቻ ከሰካ 14ቱ ኮሮች በአንድ ቻናል ይሰለፋሉ። ሁለተኛው ፕሮሰሰር ጭራሽ ራም ከሌለው እያንዳንዱን ነገር ከጎረቤቱ መለመን አለበት። ስለዚህ 32 ጊጋባይቱ አራት ባለ 8 ሆኖ ቢመጣ ይሻላል፣ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር። ሲጨመርም የዴስክቶፕ ራም ከሰርቨሩ ሬጅስተርድ ራም ጋር አይቀላቀልም፤ ከተቀላቀለ ማሽኑ አይነሳም።

ሌላው ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ የሚያሠራው የሬይድ ካርድ ባትሪ ነው። አሮጌ ሰርቨር ላይ ይህች ባትሪ በአብዛኛው ሞታለች። ስትሞት ካርዱ መረጃ እንዳይጠፋ ብሎ ጽሑፍ ዲስክ ላይ ከማረፉ በፊት የሚያቆይበትን ጊዜያዊ መዝገብ ይዘጋና እያንዳንዱን ጽሑፍ በቀጥታ ዲስክ ላይ ማሳረፍ ይጀምራል። ዳታቤዙ ያን ጊዜ ይንቀራፈፋል፤ ሰዉ ግን ፕሮሰሰሩን ይወቅሳል።

ወደ መብራት እንምጣ። ሁለት ፕሮሰሰር ያለው የዚያ ዘመን ሰርቨር ምንም ሳይሠራ 120 ዋት ቢበላ በወር 86 ኪሎዋት ሰዓት ቆጣሪው ላይ ይመዘገባል። 10 ዋት የሚበላ ላፕቶፕ በወር 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። ከክፍያው በላይ የሚያሳስበው ግን መቆራረጡ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ውስጡ ያለው ባትሪ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ሲሆን የሚይዘው 84 ዋት ሰዓት ነው። ሰርቨሩ 300 ዋት ሲጭንበት፣ በመለዋወጡ የሚባክነው ሲቀነስ፣ 10 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሰርቨር ደግሞ ሲነሳ ራሙንና ካርዶቹን እየፈተሸ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። መብራት መጥቶ ወዲያው ከሄደ ገና በመነሳት ላይ እያለ ይመታል። ላፕቶፑ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ ከእነዚህ መቆራረጦች አብዛኛውን ሳያውቃቸው ያልፋል። ሰርቨር የሚገዛ መሥሪያ ቤት የዩፒኤሱን ዋጋ ከመጀመሪያው አብሮ ማስላት አለበት፣ ዩፒኤሱ ሰርቨሩን አዝዞ የሚያጠፋበትን ገመድ ጨምሮ።

የከፍታውን ነገር ብዙ ሰው አያስበውም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ከሃያ በመቶ በላይ የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የዴል ፓወርኤጅ መመሪያ ሰርቨሩ የሚሠራበትን የ35 ዲግሪ ጣሪያ ከ950 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሰዋል። በዚህ ስሌት ደሴ ላይ ጣሪያው 30 ዲግሪ ይሆናል። ከተማዋ ቀዝቃዛ ስለሆነች ክፍት ክፍል ውስጥ ችግር የለም፤ መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ በሩ ተዘግቶ ሲታደር ግን 30 ዲግሪ ሩቅ አይደለም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጣሪያው 32 ነው፣ የሰኔ ቀን ግን ያለ ማሽንም 30 ይጠጋል። ማራገቢያዎቹ ሲጮሁ የሚያበሳጫቸው ሠራተኞች ሰርቨሩን ከፋይል መደርደሪያ ኋላ ይደብቁታል፤ ያኔ ነው የሚብስበት።

ዕድሜውም ይቆጠራል። ቪ4 ኤቪኤክስ2 የሚባለውን የትዕዛዝ ስብስብ ስለሚያውቅ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10 የተባለውን ስርዓተ ክወና ያስነሳል። በ2013 የወጣው ኢ5-2680 ቪ2 ግን አያውቀውም፤ ርካሽ ነው ተብሎ ከተገዛ በድሮው ቅጂ ላይ ይቀራል። ሁለቱም በማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 11 ዝርዝር ውስጥ የሉም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) አብቅቷል። ከቻይና የሚመጣ ኤክስ99 ቦርድ ላይ ዚዮን ገጥሞ እንደ ዴስክቶፕ ለመጠቀም ያሰበ ይህን ይወቅ።

ላፕቶፕ ስል ማንኛውንም ማለቴ አይደለም። “ኮር አይ7” የሚል ተለጣፊ ያየ ገዢ ይሞኛል፦ አይ7-7600ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፣ አይ5-8350ዩ ግን አራት። የኋለኛው ዊንዶውስ 11 ላይ ይፈቀድለታል፣ የፊተኛው አይፈቀድለትም። ከ“አይ” ቀጥሎ ካለው ቁጥር ይልቅ ከሰረዙ በኋላ ያለው ጀነሬሽን ይታይ። አንድ ራም ብቻ የተሰካበት አይ5-1235ዩ ግራፊክሱ ይዳከማል፤ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ከአንድ ባለ 16 ይሻላል። ኃይሉ የማይመጥን ወይም ማሽኑ የማያውቀው ቻርጀር ሲሰካም አንዳንድ ላፕቶፖች ፍጥነታቸውን 0.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ቆልፈው ይቀመጣሉ። አዲስ ቻርጀር ከተገዛ በኋላ “ላፕቶፑ ቀርፋፋ ሆነ” ከተባለ መጀመሪያ ታስክ ማናጀር ላይ ፍጥነቱ ይታይ።

የግዢ ሰነድ የሚያዘጋጁ ሰዎች “ከ16 ኮር ያላነሰ” ብለው ከመጻፋቸው በፊት በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚገባበት ይጻፉ። አምስት ከሆነ ሰርቨሩ ይቅር፤ አንድ ጥሩ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕና በየዕለቱ የሚወሰድ ቅጂ ይበቃቸዋል። አርባ ከሆነ የፕሮሰሰሩ ስም ከነቪ ቁጥሩ፣ በየፕሮሰሰሩ አራት ራም፣ አዲስ የሬይድ ባትሪና ሸክሙን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት የሚችል ዩፒኤስ በዝርዝር ይግባ። ርክክቡም ሁሉም ኮሮች ተጭነው ለአንድ ሰዓት ከሠሩና ፍጥነታቸውና ሙቀታቸው ተመዝግቦ ከተፈረመበት በኋላ ይሁን።