ኃይል ቆጣቢ ቤት ለቀድሞ ወታደር፦ የማንን ኃይል?

መነሻው ይሄ ነው፦ አዲስ አበባ ውስጥ ለቀድሞ ወታደሮች ኮንዶሚኒየም ቢሰራ ኃይል ቆጣቢ ይሁን ወይስ አይሁን? ይሁን ባዩ የግንባታ መሐንዲስ ነው። ተከራካሪው ናቅፋ ግንባር ላይ ፈንጂ አንድ እግሩን የወሰደበት፣ የደርግ ሠራዊት በ1983 ሲበተን ሃምሳ አለቃ የነበረ ሰው።

መሐንዲሱ፦ ኃይል ቆጣቢ ሲባል ሰው የፈረንጅ ቅንጦት ይመስለዋል። አዲስ አበባ እኮ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ኤሲም አያስፈልግ፣ መስኮቱን ፀሐይ ወደሚገባበት ማዞር፣ ጣሪያው ስር ኮርኒሱን በደንብ መምታት፣ የሻወር ውሃውን በሶላር ማሞቅ፣ በቃ። ካርድ የሚጨርሰው ምጣድ ነው፣ አንዱ ብቻ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይጎትታል፣ ስለዚህ የጋራ ምጣድ ቤት ይሰራላቸው። በጡረታ ለሚኖር ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ደሞ ወታደር በትንሽ መኖር የለመደ ሰው ነው፣ ስቱዲዮ ይበቃዋል፣ ትንሽ ቤት ትንሽ ነው የሚፈጀው።

ሃምሳ አለቃው፦ በትንሽ መኖር የለመደ! ማን አስለመደው ልጄ? ምሽግ ውስጥ ኮቾሮ ስቆረጥም የኖርኩት መርጬ ነው እንዴ? ጡረታ አለው ያለህስ ማነው፣ እኔ የማድረው በዘበኝነት ደሞዝ ነው። ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ተብሎ በ2017 ጳጉሜን ተመርቆ ሲያበቃ ቁጠባው ከኔ ሚስት ምጣድ ነው የሚጀምረው? ኮንዶሚኒየሙ አራት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለው። ኃይል ቆጣቢ ካላችሁ የኔን ኃይል ቆጥቡልኝ፣ ምድር ቤት ስጡኝ።

መሐንዲሱ፦ ጋሼ፣ ግድቡ ሌላ የሰፈር ትራንስፎርመር ሌላ። ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ሲሰካ ምን እንደሚመጣ ያውቁታል፣ ሊጡ ተቦክቶ መብራቱ ድርግም። ስቱዲዮ ያልኩትም ለማዋረድ አይደለም፣ የወጪ ጉዳይ ነው።

ሃምሳ አለቃው፦ የለመደ ያልከውን ግን አላነሳኸውም። ልንገርህ ምን እንደለመድኩ፣ ክረምት ማታ ሰው ሰራሹን እግር ሳወልቅ ጉቶው ላይ ሦስት ካልሲ ደርቤ ነው የምተኛው፣ ግድግዳው ላብ ያወጣል፣ ጠዋት ካልሲው ረጥቦ ስለሚጠብቀኝ ምድጃ ላይ አሙቄ ነው መልሼ የማጠልቀው። ይሄንን ለምጃለሁ፣ እሺ?

መሐንዲሱ፦ ይኸው! እኔስ ምን አልኩ? ብርዱን ያመጣው እኮ ግድግዳው ነው። ብሎኬቱ ባለ 20 ሳንቲ ቢሆን፣ በደንብ ቢለሰን ካልሲ ማሞቅ አይኖርም ነበር። ራስዎ ለኔ እየተከራከሩልኝ ነው። ችግሩ በጀት ነው፣ ለሁሉም አይደርስም፣ እንግዲህ በቅርቡ ተጎድተው የተሰናበቱት፣ ወረቀታቸው የተሟላው ይቅደሙ።

ሃምሳ አለቃው፦ አሃ፣ አሁን ገና ወጣች! ስለ ብሎኬት ስናወራ ቆይተን ለካ ጉዳዩ የትኛው ሠራዊት ነው። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በአንድ ሰሞን ሲበተን ወረቀት በፌስታል ይዘን የምንዞር መሰለህ? ያኔ የተቆረጠ እግር እስካሁን በቅሎ ይሆን?

መሐንዲሱ፦ እንደዛ አላልኩም።

ሃምሳ አለቃው፦ ብለሃል። ለማንኛውም ምድር ቤት ስጠኝ እንጂ ያን ሶላርህን ከፈለግክ አናቴ ላይ እሸከምልሃለሁ።

መሐንዲሱ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ መንገድ ዳር ያለው ምድር ቤት እኮ ብዙ ጊዜ ለሱቅ ነው የሚያዘው፣ በጨረታ ይሸጣል።

ሃምሳ አለቃው፦ እና አራተኛ ፎቅ፣ ስቱዲዮ፣ ምጣዱ ደሞ የጋራ ቤት ውስጥ ታች። ሚስቴ እንጀራውን ይዛ ስትወጣ እኔን በየትኛው እጇ ትደግፈኝ?