የሥዕሉን ታሪክ ከመገመት በፊት ሠሪውን መጠየቅ

አንድ ጥንታዊ ታሪክን የሚያሳይ ሥዕል ቀርቦ «ይህ የትኛው ክስተት ነው?» የሚል ጥያቄ ከአራት አማራጮች ጋር የሚከተልበት ጨዋታ በማኅበራዊ ገጾችም በመማሪያ ክፍሎችም የተለመደ ሆኗል። ጨዋታውን አልቃወምም፤ ታሪክን በስም ዝርዝርና በዓመት ሽምደዳ ብቻ የሚያውቅ ሰው ዓይኑን ሥዕል ላይ አሳርፎ፣ አለባበሱን፣ መሣሪያውንና የፊቱን ሁኔታ መርምሮ አንድ መልስ ላይ ለመድረስ ሲጥር ማየት ደስ ያሰኛል። ቅሬታዬ ጥያቄው በሚቀርብበት መንገድ ላይ ነው። ሥዕሉን ማን፣ መቼና ለማን እንደሠራው ሳይነገር የክስተቱ ስም ብቻ ሲጠየቅ፣ ተጫዋቹ ሥዕሉን እንደ ዓይን ምስክር መቁጠርን ይለምዳል፤ ጥንታዊ ክስተቶችን ከሚያሳዩት ሥዕሎች መካከል ግን የዓይን ምስክር ሊባሉ የሚችሉት እጅግ ጥቂት ናቸው።

በቀላሉ ከሚታወቁት አንዱን እንውሰድ። አልጋ ላይ የተቀመጠ ጢማም ሰው አንድ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ይናገራል፣ በሌላው እጁ ጽዋ ሊቀበል ነው፣ ዙሪያውን የከበቡት ደቀ መዛሙርት ያለቅሳሉ። ብዙ ሰው ሳያመነታ የሶቅራጥስ ሞት ነው ይላል፤ ትክክል ነው። ሶቅራጥስ በአቴና መርዝ እንዲጠጣ ተፈርዶበት የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ሲሆን፣ ሥዕሉን ፈረንሳዊው ዣክ ሉዊ ዳቪድ የሣለው በ1787 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)፣ ማለትም የፈረንሳይ አብዮት ሊፈነዳ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ከአልጋው ግርጌ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው ሽበታም ሽማግሌ ፕላቶ ነው። ነገር ግን ፕላቶ በዚያን ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር፤ ይህም ብቻ አይደለም፣ ስለዚያች ዕለት በጻፈው በራሱ ሥራ ውስጥ ፕላቶ ታሞ እንደነበርና በቦታው እንዳልተገኘ ይነገራል። ሰዓሊው ሽማግሌ አድርጎ ያስቀመጠው ታሪኩ ለእኛ የደረሰው በፕላቶ ብዕር መሆኑን ለማሳሰብ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ውብ ሐሳብ ነው። ክስተቱን በትክክል ገምቶ ነጥቡን የወሰደው ተጫዋች ግን ይህን ካልተነገረው በስተቀር፣ አረጋዊው ፕላቶ መምህሩ ሲሞት አልጋው ግርጌ ተቀምጦ ነበር የሚል ሐሰት ይዞ ይሄዳል።

አለባበስና መሣሪያ አይቶ ዘመንን መገመትም ሁልጊዜ አያዋጣም። ጀርመናዊው ሰዓሊ አልብሬክት አልትዶርፈር በ1529 ለባቫርያው መስፍን ዊልሄልም አራተኛ የሣለው ትልቅ የጦርነት ሥዕል ዛሬ ሙኒክ ውስጥ ይገኛል። ለቁጥር የሚያታክቱት ወታደሮች የለበሱት ጥሩር የሰዓሊው ዘመን የአውሮፓ ባላባቶች ጥሩር ነው፤ ተቃራኒዎቻቸው ጥምጥም ጠምጥመዋል፤ በስተጀርባ የሚታየው ከተማም ከጥንቱ ይልቅ ለሰዓሊው አገር የቀረበ ነው። በልብስ የሚፈርድ ሰው በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የተደረገ ውጊያ ነው ቢል አይወቀስም። ሥዕሉ ግን ታላቁ እስክንድር የፋርሱን ንጉሥ ዳርዮስ ሦስተኛን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ333 ኢሱስ ላይ ድል ያደረገበት ውጊያ ነው። ይህን የምናውቀው በሥዕሉ ሰማይ ላይ ተሰቅሎ በሚታየው የጽሑፍ ሰሌዳ ምክንያት ነው። ሥዕሉ በተጠናቀቀበት ዓመት የኦቶማን ሠራዊት ቪየናን ከቦ እንደነበር ሲታወስ ደግሞ የጥምጥሙ ነገር ግልጽ ይሆናል፤ ሰዓሊው ስለ ጥንቱ ፋርስ የነገረን ጥቂት፣ ስለራሱ ዘመን ፍርሃት የነገረን ብዙ ነው።

የተማረና አገር ያየ ሰው እንኳ በግምት ብቻ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ለማየት ከቤሂስቱን ገደል የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በምዕራብ ኢራን፣ በከርማንሻህ አቅራቢያ፣ ከመሬት ወደ 100 ሜትር ከፍታ ላይ በዓለት የተቀረጸ ምስል አለ። ቀስት የያዘ ግዙፍ ሰው በጀርባው የወደቀውን ሰው በእግሩ ረግጧል፤ ከኋላው ሁለት ባለሟሎች ቆመዋል፤ ከፊቱ አንገታቸው በገመድ የተያያዘ፣ እጃቸው ወደ ኋላ የታሰረ ዘጠኝ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ከሁሉም በላይ ክንፍ ባለው ክብ ውስጥ የአምላክ ምስል ይታያል። ዙሪያው በጽሑፍ የተሞላ ቢሆንም ፊደሉን ማንበብ የሚችል ሰው በምድር ላይ ከጠፋ ረጅም ዘመን አልፎ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚያ ያለፈ አንድ ፈረንሳዊ ክርስቶስና አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ናቸው አለ። ብሪታንያዊው ሮበርት ከር ፖርተር ደግሞ የአሦር ንጉሥ ስልምናሶር የማረካቸው አሥሩ የእስራኤል ነገዶች ናቸው ብሎ ገመተ።

በእነዚህ ሰዎች መሳቅ ተገቢ አይመስለኝም። የሰዎቹን ምስል የቆጠረ፣ የተረገጠውን ጨምሮ 13 ያገኛል፤ ለክርስቶስና ለሐዋርያቱ ቁጥሩ ልክ ነው። የተረገጠውና የታሰሩት ብቻ ከተቆጠሩ ደግሞ 10 ናቸው፤ ለነገዶቹም ልክ ነው። ሁለቱም ያዩትን አላጣመሙም፤ የጎደላቸው ከሥዕሉ ውጭ የሚገኝ ዕውቀት ነበር፤ ጉድለቱንም አስቀድመው በሚያውቁት ቅዱስ መጽሐፍ ሞሉት። እኛም ዛሬ ሥዕል ስንገምት የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እኛ ክፍተቱን በአብዛኛው የምንሞላው በፊልም ባየነው መሆኑ ነው።

ሄንሪ ሮሊንሰን የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን በ1835 ገደሉን እየወጣ ጽሑፉን መገልበጥ ጀመረ። ጽሑፉ በጥንታዊ ፋርስኛ፣ በኤላምኛና በባቢሎንኛ የተቀረጸ ነበር፤ ፊደሉ ሲፈታ ባለ ቀስቱ ሰው ቀዳማዊ ዳርዮስ ሆነ፣ የታሰሩትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ522 ዙፋን ሲይዝ በየአገሩ ያመፁበት መሪዎች ሆኑ፣ የተረገጠው ደግሞ የንጉሥ ልጅ ነኝ ብሎ መንግሥት ነጠቀ የተባለው ጋውማታ ሆነ። ከተረገጠውና ከታሰሩት ከእያንዳንዳቸው ምስል አጠገብ ስማቸው፣ ከአብዛኞቹም አጠገብ ተናገሩ የተባለው ሐሰት ተጽፏል። እንግዲህ መልሱ ተገኘ ማለት ነውን? ከፊሉ ብቻ። ዓመፀኞቹ የተያዙት በተለያየ አገርና በተለያየ ጊዜ ነው፤ ሹል ቆብ የደፋው የመጨረሻው እስረኛ እንዲያውም የቀረው ምስል ካለቀ በኋላ የተጨመረ ነው። እነዚህ ሰዎች በአንድ ገመድ ታስረው በአንድ ቀን በዳርዮስ ፊት የቆሙበት ጊዜ ኖሮ አያውቅም። ስለ ጋውማታም ቢሆን የምናነበው የአሸናፊውን ቃል ነው፤ ተረግጦ የሚታየው ሰው አስመሳይ ሳይሆን እውነተኛው የንጉሥ ልጅ ሊሆን ይችላል ብለው የሚጠረጥሩ የታሪክ ምሁራን ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ «የትኛው ክስተት ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ይህን ምስል አይመጥነውም፤ ምስሉ የሚያሳየው አንድ ክስተት ሳይሆን ዳርዮስ ሥልጣኑ እንዴት እንዲታይለት እንደፈለገ ነው።

መልሱ እስካሁን ያልተቆረጠላቸውም አሉ። በ1831 በፖምፔይ ፍርስራሽ የተገኘውና ዛሬ በኔፕልስ ሙዚየም ያለው ሞዛይክ እስክንድር በፈረሱ ሆኖ ሲያጠቃ፣ ዳርዮስ ሦስተኛም በሠረገላው ላይ ተደናግጦ እጁን ሲዘረጋ ያሳያል። ሁለቱን ነገሥታት መለየት አያስቸግርም። ውጊያው ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ333 የተደረገው የኢሱስ ነው ወይስ በ331 የተደረገው የጋውጋሜላ? ሞዛይኩ ስም አልተጻፈበትም፤ ዳርዮስ በሁለቱም ውጊያዎች ሸሽቷል፤ ሥራው ከውጊያዎቹ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ የተሠራና ከዚያ በፊት ከነበረ ሥዕል የተቀዳ እንደሆነ ይታመናል። ምሁራን በዚህ እየተከራከሩ ሳለ «ኢሱስ» ብሎ የመለሰ አሥር ነጥብ፣ «ጋውጋሜላ» ያለ ዜሮ የሚያገኝበት ፈተና ፍትሐዊ አይደለም።

ሥዕል ከንቱ ምስክር ነው እያልኩ አይደለም። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 የይሁዳን ከተማ ለኪሶን ሲይዝ የሚያሳየውና ነነዌ ከነበረው ቤተ መንግሥቱ ተነሥቶ አሁን ለንደን የሚገኘው የግድግዳ ቅርጽ የከተማይቱ ስም ተጽፎበታል፤ በቅርጹ ላይ የሚታየውን ወደ ቅጥሩ የሚያወጣ የከበባ ድልድልም አርኪዮሎጂስቶች በቦታው ቆፍረው አግኝተውታል። ሥዕል፣ ጽሑፍና መሬት ሲስማሙ እምነት መጣል ይቻላል። በአንጻሩ ራምሴስ ሁለተኛ በቤተ መቅደሶቹ ግድግዳ ሁሉ ያስቀረጸውን የቃዴስ ውጊያ ያየ ሰው ፈርዖኑ ብቻውን የኬጢያውያንን ሠራዊት ደመሰሰ ሊል ይችላል፤ ቃዴስ ግን በግብፅ እጅ አልገባችም፣ ሁለቱ መንግሥታትም ከዓመታት በኋላ የሰላም ውል ተዋዋሉ።

ነገሩን ዛሬ አጣዳፊ ያደረገው ሠሪ የሌላቸው ሥዕሎች መብዛታቸው ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከ የቄሣር ግድያ ወይም የካርታጎ ቃጠሎ ምስል ከዳቪድ ሥራ ጎን ያለ አንዳች መግለጫ ሲለጠፍ፣ ዓይን ሁለቱን እኩል ይቀበላል። ዳቪድ ግን ስም፣ ዘመንና ሐሳብ ያለው ሰው ነው፤ ለምን ፕላቶን አስረጀህ ተብሎ ሊመረመር ይችላል። የተፈበረከውን ምስል ለምን እንዲህ ሆንክ ብሎ የሚመረምረው የለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያዘጋጁ መምህራንም ሆኑ ገጾች ከሥዕሉ ሥር የሠሪውን ስም፣ የተሠራበትን ዘመንና የሚገኝበትን ቦታ ሊጽፉ፣ ሠሪው ካልታወቀም ይህንኑ ሊናገሩ ይገባል። መልሱ ይጋለጣል የሚል ስጋት ካለ ከመልሱ በኋላ ይጻፍ፤ መቅረት ግን የለበትም።

በ1920ዎቹ በጥንታዊቷ የሱሜር ከተማ በዑር መቃብር የተገኘውና በዛጎልና በሰማያዊ ድንጋይ የተለበጠው ሣጥን በእንዲህ ያለ ጨዋታ ላይ ቢቀርብ እወዳለሁ። ዕድሜው ወደ 4,500 ዓመት ነው። በአንዱ ጎኑ ሠረገሎች የወደቁ ሰዎችን ይረግጣሉ፣ ምርኮኞችም ከሌሎቹ ገዝፎ ወደተሣለ ሰው ይነዳሉ፤ በሌላው ጎን ግብዣ አለ፣ እንስሳትና ሸክም ይመጣሉ። የንጉሥ ስም የለበትም፣ የጠላት ስም የለበትም፣ ሣጥኑ ራሱ ለምን ያገለግል እንደነበር እንኳ አልታወቀም። ለዚህ ሥዕል ከአራቱ አማራጮች አንዱ «ከዚህ ሥዕል ብቻ ማወቅ አይቻልም» የሚል መሆን አለበት፤ እርሱን የመረጠም ሙሉውን ነጥብ ማግኘት አለበት።